የረሂማ ሁለት ቦታዎች

እስቲ ያንን ካርቶን እዩት። ጎጃም በረንዳ፣ የጋሼ አስናቀው የእህል መጋዘን ደጃፍ ላይ፣ ከተከመረው ጆንያ ጥግ ያለውን። አዎ፣ የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። አትለፉት! ሁላችንም እያየን ስናልፈው ነው እዚህ የደረስነው። ጎንበስ በሉና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። አራት ዓመት ያለፈው ልጅ ተቀምጦበታል። ከጆንያ የተመዘዘ ክር በሁለት ጣቱ ይዞ ከዓይኑ ፊት ያወዛውዛል። ጋሪው ይንጋጋል፣ ተሸካሚው "ዞር በሉ! ዞር!" ይላል፣ አይሱዙው ወደ ኋላ ሲመጣ ረዳቱ ጎኑን በመዳፉ እየደበደበ ይጮኻል። ልጁ ቀና አይልም። ክሩን ነው የሚያየው።

ስሙ ጠሃ ነው። ከአጠገቡ ተቀምጣ ጆንያ የምትሰፋው እናቱ ናት፤ ረሂማ ትባላለች። ወሬዬ ስለ እሷ ነው። ግን እሷን ለማየት መጀመሪያ ካርቶኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ከካርቶኑ ተለይታ አታውቅማ።

ረሂማ በትዳር ከወራቤ ወደ አዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ የምታውቀው ሥራ ይህ ነው። ከጎጃም እህል የጫነ መኪና ጠዋት ይራገፋል። ሲራገፍ ጆንያ ይቀደዳል፣ የተቀደደ ጆንያ ጤፍ ያፈሳል። ስለዚህ ማራገፊያው አጠገብ የጆንያ መርፌና ሲባጎ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። "ሰፊ!" ሲባል ተነስታ፣ የተሸካሚው ጀርባ ላይ እንዳለ እንኳ ቢሆን ቀዳዳውን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ትዘጋዋለች። እንጀራዋ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ያለው ባዶ ጆንያ መጣፍ ነው፤ እሱም ከተገኘ።

ጎጃም በረንዳ ላይ ደግሞ ቦታ የሚሆነው ለተቀመጠበት ሰው ነው። ውል የለ፣ ምስክር የለ። ረሂማ ጠሃን ልትወልድ ሄዳ፣ ከአራስ ቤት ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሴት ሲባጎዋን ዘርግታ አገኘች። አልቅሳ፣ ለምና፣ ሽማግሌ ልካ ነው ያስመለሰችው። ያኔ ማለች። ከዚህ ቦታ ከእንግዲህ የሚያስነሳኝ የለም አለች። ሕፃኑን ካርቶን ውስጥ አስተኛችና መስፋቷን ቀጠለች።

ልጁም አላስቸገራት። እንዲያውም የደጃፉ መመስገኛ ሆነ። የሌሎች ሴቶች ልጆች ጋሪ ስር ይገባሉ፣ እህል ይደፋሉ፣ ይደባደባሉ። ጠሃ ካስቀመጡት ቦታ አይነሳም። አያለቅስም፣ "እሹሩሩ በሉኝ" አይልም፣ እናቱ ስትሄድ አይከተል፣ ስትመጣ አይስቅ።

"ማሻ አላህ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!" ይሏታል ከፊት ለፊት ያሉት ነጋዴዎች።

"ለእኔም እንዲህ ያለውን በሰጠኝ!" ትላለች ልጆቿ ያማረሯት።

ረሂማ ደስ ይላት ነበር። በዚህ ዓለም ላይ የተመሰገነችበት ነገር ይኸው ብቻ ነው፤ ለምን ደስ አይላት? እኛ ነን ጥፋተኞቹ። የማይጠይቅ ልጅ ጨዋ፣ የማያይ ልጅ ዓይነ አፋር፣ የማይናገር ልጅ ቁም ነገረኛ ስንል የኖርነው እኛ ነን። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ደህና የሚመስለን እኛ!

ከረሂማ ቀጥሎ ጉልቷን የዘረጋችው እትዬ ወለተ ማርያም ናት። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ሶፍት ትሸጣለች። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ስለተበተኑ የቀራት ልጅ ጠሃ ነው። ስትወደው ልክ የለውም። በረንዳው ላይ አንድ የማይጻፍ ሕግ አለ፦ ልጅ "እ" ከማለቱ በፊት እጁ ላይ አንድ ነገር ማስያዝ። የሚያለቅስ ልጅ ገበያ ያባርራል፣ ጋሼ አስናቀውንም ያስቆጣል። ወለተ ማርያም ይህን ሕግ ከማንም በላይ ትጠብቃለች። ጠሃ ገና ከካርቶኑ ሲነቃነቅ ብስኩቱ እጁ ውስጥ ነው። ሌላው ክር ይመዝዝለታል፣ ሌላዋ ካርቱን ፊልም ከፍታ ስልኳን ታስይዘዋለች። ልጁ አራት ዓመት ሙሉ ምንም ነገር መጠየቅ ሳያስፈልገው ኖረ። በፍቅር ነው ያፈኑት። ከመርካቶ ሴት ደግነት በላይ ምን አለ? ያው ደግነት ነው አፉን የዘጋው ብል ማን ያምነኛል?

በስሙ ቢጠሩት ዞሮ አያይም። የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ግን ከማዶ ይሰማል። "ጆሮው ለብስኩት ብቻ ነው የተፈጠረው!" እያሉ ይስቁበት ነበር። ረሂማም ትስቅ ነበር። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ ስትወስደው ግን ነርሷ ሙቀቱን ለክታ ስታበቃ "ጠሃ" አለችው። ደግማ ጠራችው። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች። ከዚያ ወደ ረሂማ ዞራ "አፉን ፈቷል?" አለቻት።

"ወንድ ልጅ ነው እኮ፣ ይዘገያል።"

"የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይሻል?"

ረሂማ አሰበች። የሚፈልገውን ቀድመው ነው የሚሰጡት። "አያስፈልገውም" አለች።

ነርሷ "ኦቲዝም" የሚል ቃል ተናገረች። ረሂማ መድኃኒት የታዘዘ መስሏት "ከየት ነው የሚገዛው?" አለቻት። ወይ አገር! በዚህ ሁሉ የመርካቶ ጩኸት ውስጥ፣ ማይክራፎኑ ለሳሙናውም ለጫማውም ሲለፈልፍ ሲውል፣ ያቺን አንዲት ቃል ለአንዲት እናት ያደረሰላት አልነበረም። በዓመት አንዴ፣ በኦቲዝም ቀን፣ ሰማያዊ ቲሸርት ለብሰን ፎቶ እንነሳለን። ቲሸርቱ የሚሸጠው እዚሁ መርካቶ ነው፤ ወሬው ግን እዚህ አልደረሰም።

ባሏ ሙዲን ወራቤና አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ስትነግረው "እኔም ዘግይቼ ነው አፌን የፈታሁት፤ እናቴን ጠይቂ" አለና ተኛ። ሰፈርተኛው ደግሞ ተረት አላጣም። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይሏታል። እውነት ነው፣ ይሄዳል። ግን እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ከተቀመጠችበት ነው! ያልታቀፉት እንቁላል የት ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ነርሷ የላከቻት ከአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ወረድ ብሎ ካለ አንድ ጠባብ ግቢ ነው። ትንንሽ ልጆችን ከነእናቶቻቸው ተቀብሎ የሚያለማምድ ቦታ ነው። ፋና የምትባል ወጣት አሠልጣኝ አለች። ረሂማ "ሲስተር" ትላታለች፤ ነጭ ጋዎን ግን አትለብስም። የመጀመሪያው ቀን ረሂማ ልጁን ከበሩ አስገብታ ለመመለስ ስትጣደፍ ፋና ያዘቻት።

"የት ነው የጠሃ እናት? አንቺም ትገቢያለሽ እንጂ።"

"እኔ ሥራ አለኝ ሲስተር። ስትጨርሺ መጥቼ እወስደዋለሁ።"

"እሱ እዚህ ጥቂት ነው የሚቆየው፤ ከአንቺ ጋር ነው የሚውለው። የምሠራው ከሁለታችሁ ጋር ነው። ነይ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጪ።"

ረሂማ ተቀመጠች። በሕይወቷ ሥራ ሳትይዝ መሬት ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ፋና የጠሃን ክር ወሰደችና በራሷ ፊት ልክ ይዛ ጠበቀች። ልጁ ወደ ክሩ እጁን ሰደደ። አልሰጠችውም። ተነጫነጨ። አልሰጠችውም።

"ስጪው እንጂ ሲስተር! ምን አደረገሽ?"

"አልከለከልኩትም እኮ። እየጠበቅኩት ነው። ሰው መኖሩን እስኪያይ።"

ያን ቀን አላየም። በማግስቱም አላየም። ፋና ግን አንድ ነገር ነገረቻት፦ "እናንተ ጋ ሳይጠይቅ ነው የሚሰጠው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቀድሞ አይስጠው። ጠብቁት። ደግሞ አትቅሪ። በሩ ላይ የተቀመጡትን እናቶች አይተሻል? ቦታ የሚጠብቁ ናቸው። አንዷ ስትቀር ሌላዋ ትገባለች። እኔ ጨክኜ አይደለም፤ ክፍሉ ይኸው ነው፣ እኔም ይኸው ነኝ።" ስታወራ ዓይኗን ታሻለች። እሷም ደክሟታል።

ረሂማ በታክሲ ስትመለስ ይህን ነገር በሆዷ ስታገላብጠው መጣች። ጎጃም በረንዳ ላይ ያለው ቦታዋ ጠዋት ካልተቀመጠችበት ይወሰዳል። አማኑኤል ያለው ቦታዋም ጠዋት ካልተቀመጠችበት ይወሰዳል። ሁለት ቦታ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ጠዋት። ይህን ያህል ሰፊ ከተማ ለአንዲት እናት ያዘጋጀላት ምርጫ ይህ ነው፦ ወይ እንጀራሽ ወይ ልጅሽ። ጎበዝ!

ለእትዬ ወለተ ማርያም ነገሩን የነገረቻት እየፈራች ነው።

"እትዬ፣ እባክዎ ለጠሃ ብስኩት ቀድመው አይስጡት። እስኪጠይቅ ይጠብቁት ብለዋል።"

"ምን አልሽ?"

"ሲስተር ናት ያለችው።"

"ምላስ የሌለው ልጅ በምኑ ነው የሚጠይቀኝ? በደብዳቤ?" ወለተ ማርያም ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። "እኔን ነው እንግዲህ ያበላሸሽው ያለችኝ። አደራ፣ ከዛሬ ወዲያ ብስኩቴም እጄም ልጅሽ ጋ አይደርስም!"

ኩርፊያው ጸና። ጎን ለጎን ተቀምጠው ጀርባ ተሰጣጡ።

ጋሼ አስናቀው ደግሞ በሌላ በኩል መጣ። ክፉ ሰው ነው ማለት አይቻልም፤ እህሉ ሲፈስ ማየት የማይወድ ነጋዴ ነው። ረሂማ ረፋድ ላይ ልጁን አዝላ ብቅ ስትል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ዛሬም ከአማኑኤል ነው?"

"አዎ ጋሼ።"

"ለመሆኑ ማንን ነው የምታሳክሚው? ልጁን ነው ራስሽን?" ተሸካሚዎቹ ሳቁ። አማኑኤል የሚለው ስም መርካቶ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ከረሂማና ከልጁ ጋር አብሮ የሄደው ይህም ሳቅ ነበር። "ስሚኝ፣ የገና ገበያ ደርሷል። አዲሱ ጤፍ እየገባ ነው። ነገ ጠዋት እዚህ ካልተቀመጥሽ ሌላ ሰፊ አለችኝ። በኋላ አስናቀው ጨከነ እንዳትዪ።"

ረሂማ ማታ ልጇ አጠገብ ጋደም ብላ አሰበች፤ ማሰብ ከተባለ። የደከመ ሰው አያስብም፤ ወደ ቀለለው ነው የሚያዘነብለው። ፋና ዘንድ ምንም አላየችም። አንድ ቃል የለ፣ አንድ ፈገግታ የለ። ጆንያው ግን ጆንያ ነው፤ ሲሰፉት ይዘጋል።

ጠዋት ወደ ጎጃም በረንዳ ሄደች። ጠሃን ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠችው። እሱም ክሩን አነሳ፣ እንዳልሄደ፣ እንዳልመጣ። ስልኳ ጮኸ፤ ፋና ናት። እስኪያቆም አየችውና ከጆንያው ስር ከተተችው። ከዚያ "ሰፊ!" ተባለ፣ ተነሳች።

ገበያው ሲሟሟቅ ጠሃ ከካርቶኑ ወጣ። እንደ ልማዱ ወደ ወለተ ማርያም ጉልት ሄዶ ቆመ። ወለተ ማርያም አንዱን ብስኩት አነሳች። ልትሰጠው አይደለም፤ ረሂማ እንድታየው ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ድምፅዋን ለሰፈሩ አሰማች።

"አይሆንም ጌታዬ! እናትህ ከልክላኛለች። አንተን የሚያሳድግህ የሲስተር ምክር ነው፤ የእኔ ብስኩት መርዝ ነው!"

ልጁ ነጠላዋን ጎተተ። ላስቲኩን አንኮሻኮሸችለት እንጂ አልሰጠችውም። እጇን ይዞ ወደ ታች ሳበው። አልወረደም። አለቀሰ።

"አንቺ ሴትዮ፣ ስጪው እንጂ!" አለ ማሙሸት የሚባል ተሸካሚ፣ ኩንታል ተሸክሞ እንደቆመ።

"እሷን ጠይቃት! እኔ ምን አገባኝ!"

"ያንን ልጅ ዝም አሰኙልኝ!" አለ ጋሼ አስናቀው ከውስጥ።

ረሂማ መርፌዋን ጆንያው ላይ እንደሰካች ቀረች። "ይስጡት" ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ቃሉ ግን አልወጣም። እልህ ይሁን፣ ምንጣፉ ላይ ያየችው ነገር ይሁን፣ ወይ ለመናገር እንኳ አቅም ማጣት ይሁን፣ እሷም አታውቀውም። ልጇን ብቻ አየች።

ጠሃ ልቅሶውን ቀነስ አደረገ። ብስኩቱን የያዘውን እጅ አየ። ከዚያ ክንዱን ተከትሎ ወደ ላይ ሄደ፤ ትከሻውን፣ ነጠላውን፣ አገጩን። ፊቷ ላይ ደረሰ። እዚያ ቆመ።

ረጅም አይደለም። ዓይን ለመርገብገብ የሚበቃ ያህል ነው። ብስኩቱ ከወለተ ማርያም እጅ ወደቀ።

"ረሂሜ..."

"እ?"

"አየኝ። በእመቤቴ፣ ልጁ አየኝ!" ኩርፊያዋ ጠፋ። "እኔ እኮ እስከ ዛሬ የሚያውቀኝ መስሎኝ! አራት ዓመት ሙሉ እጄን እንጂ ፊቴን አያውቀውም ነበር።"

ጠሃ ብስኩቱን ከመሬት አንስቶ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ለእሱ ነገሩ አልቋል። ወለተ ማርያም ግን ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች።

"ተነሺ።"

"የት?"

"ወደ ሲስተርሽ ነዋ! ምን ታፈጥጪብኛለሽ?"

"ቦታውስ እትዬ?"

ወለተ ማርያም የብስኩት ትሪዋን አንስታ ረሂማ ቦታ ላይ አኖረች። ራሷም ተከትላ ጆንያው ላይ ዘፍ አለችና መርፌውን በተቃራኒው ያዘችው። ጋሼ አስናቀው ብቅ ብሎ አያት።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? አንቺ ብስኩት ሻጭ ነሽ ወይስ ጆንያ ሰፊ?"

"ዛሬ ሁለቱንም ነኝ። ጤፍህ ከፈሰሰ በነጠላዬ እደፍነዋለሁ። ግባ፣ ደንበኛ አለህ!"

ጋሼ አስናቀው አጉረመረመ፤ ግን ገባ። ከእሷ ጋር አፍ መካፈት አይወድም። ደግሞም የጎጃም በረንዳን ሕግ እሱም ያውቀዋል፤ ቦታው ላይ ሰው አለ።

ረሂማ ልጁን አዝላ ግቢው ስትደርስ እያላባት ነው። ፋና በሩ ላይ ናት። ከአጠገቧ አንዲት እናት ትንሽ ልጅ አዝላ ልትገባ ቆማለች። ፋና ረሂማን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ያቺን እናት አየች።

"ይቅርታ እህቴ" አለቻት ለእናቲቱ፣ "ሳምንት ደግሞ ሞክሪ።"

እናቲቱ አልተቆጣችም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ልጇን አስተካክላ አዝላ ወጣች። ረሂማ መንገድ ስትለቅላት ዓይን ለዓይን ተያዩ። እስከ ዛሬ ያቺ ዓይን ከረሂማ ራስ አልወጣችም። እሷ የገባችበት በር ያችን ያስወጣ በር ነው። ለዚህ ማን ነው የሚጠየቀው? ፋና? ረሂማ? ወይስ ክፍሏን አንድ ብቻ አድርገን ተኝተን የምናድረው እኛ?

ይህ ከሆነ ወራት አለፉ። ጠሃ አፉን ፈታ ብዬ ደስ እንዳላሰኛችሁ፣ አልፈታም። ብስኩት ሲፈልግ ከንፈሩን ገጥሞ "ብ" ይላል፤ አንዳንድ ቀን ያያል፣ አንዳንድ ቀን ጨርሶ አያይም። ሲያይ ማሙሸት ኩንታሉን እንደተሸከመ ቆሞ "እኔንም እየኝ እንጂ አንተ ጉረኛ!" ይለዋል። በረንዳው ላይ መጠበቅ የሚባል ነገር ተለምዷል፤ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ካርቶኑ ግን አልተጣለም። ረሂማ አንድ ቀን "ቀድሜ አምጥቼው ቢሆን ኖሮስ?" ብላ ፋናን ጠየቀቻት። ፋና "አሁን መጥቷል" አለቻት ወደ ምንጣፉ ጎንበስ ብላ። ረሂማ ደግማ አልጠየቀችም።

ደክሟታል። ታክሲ ውስጥ ልጁን አቅፋ ታንቀላፋለች። ከሰዓት ተጎንብሳ ትጥፋለች። ሙዲን ሲመጣ "አሁንም ትሄዳላችሁ?" ይላታል፣ "እንሄዳለን" ትለዋለች። ወለተ ማርያም ጠዋት ጠዋት ቦታው ላይ ትቀመጣለች። የምትሰፋው ጆንያ መጋዘን ሳይገባ ይፈታል፤ ጋሼ አስናቀው ይራገማል፣ ረሂማ ስትመለስ እንደገና ትሰፋዋለች። እንዲህ ነው የሚኖረው።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። በማርያም ዕለት ወለተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ቅሪ ሊሏት አይቻልም፤ ለራሷ ያላት እሱ ብቻ ነው። ያን ቀን ጠዋት ቦታው ባዶ ነው፣ ጋሼ አስናቀው የጠቀሳት ሌላዋ ሰፊም ከማዶ ቆማ ታየዋለች። እሷም ልጆች አሏት፤ አልፈርድባትም።

ስለዚህ ቲሸርቱን ተዉት። ከንፈር መምጠጡንም ተዉት፤ የረሂማን ልጅ የጎዳው ከንፈር መምጠጥና "ይዘገያል" ማለት ነው። በማርያም ዕለት ጠዋት ጎጃም በረንዳ ኑ። ካርቶኑን ፈልጉ፤ አሁን ታውቁታላችሁ። ከአጠገቡ ጆንያ ተነጥፏል። መስፋት ባትችሉ ግድ የለም፣ ወለተ ማርያምም አትችልም። ረሂማ ከአማኑኤል እስክትመለስ፣ እባካችሁ፣ ቦታዋ ላይ ተቀመጡላት።